ሁለተኛው ቤት

እንጦጦ ማርያም ግቢ ገብቶ የዳግማዊ ምኒልክን ቤተ መንግሥት የሚያይ ጎብኚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ይቺው ናት?" ማለቱ አይቀርም። በድንጋይና በጭቃ የቆመ፣ በኖራ የነጣ ግድግዳ፤ የእንጨት ወራጅ፤ ብዙ ሰው አብሮ የማይገባበት በር። አስጎብኚዎቹ ጥያቄውን ለምደውታል። ትንሽ ራቅ ብላ ስምንት ማዕዘን ያላት ቤተ ክርስቲያን ትታያለች። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስ ምኒልክን ንጉሠ ነገሥት ብለው የቀቡት በዚህች ማርያም ነው። ነሐሴ ላይ ከሄዱ ጉሙ ከደጀ ሰላሙ ጀምሮ ይቀበልዎታል፤ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ያለ ብርድ ደግሞ ለነጠላ አይመለስም።

ዘውዱ በተጫነበት ቀን ግን የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ጣይቱ ታች ሜዳው ላይ ሌላ ቤት ካሠሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እንጦጦ ለምሽግ የተመረጠ ተራራ ነው። ለጦር የሚመች ሆኖ ለኑሮ ግን ይከብዳል፤ ነፋሱ፣ መብረቁ፣ ሽቅብ የሚጫነው እንጨትና ውሃ አስመራሪ ነበር። ስለዚህ ንጉሡም፣ ወይዘሮ ጣይቱም፣ መኳንንቱም እየወረዱ ፍል ውሃው ዳር ድንኳን ይተክሉ፣ ይታጠቡ፣ ቁርጥማታቸውን ያስታምሙ ጀመር። ኅዳር 1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር ዘመቻ ሲያቀኑ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው እዚያው ቆዩ፤ ቤትም አሠሩ። ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። ሐረር ሲያዝ የተመለሱት መኳንንትም "ለእኔም ይመራልኝ" እያሉ በቤቱ ዙሪያ ሰፈሩ። የአገሪቱ ዋና ከተማ በሸንጎ ተመክሮባት የተመረጠች አይደለችም። የእመቤቲቱ የመታጠቢያ ሰፈር ነበረች፤ ዋናው ቤት እስኪረሳ ድረስ ተወደደችና ከተማ ሆነች።

ሜዳው ባዶ እንዳልነበረ አብሮ መነገር አለበት። ፊንፊኔ ብለው የሚጠሩት ኦሮሞዎች ይኖሩበት፣ ከብቶቻቸውንም በምንጩ ያጠጡበት ነበር። የአንዱ የማረፊያ ቤት በሌላው መኖሪያ ላይ መቆሙ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም።

ይህን ሁሉ የማነሣው ባለፈው ፍልሰታ አንድ የትምህርት ቤት ወዳጄን ይዤ እንጦጦ ስለወጣሁ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ፓሪስ አጠገብ በነርስነት ሠርቷል፤ ሚስቱ ፈረንሳዊት ናት። በየክረምቱ የሚያርፉበት የድንጋይ ቤት ክሩዝ በሚባል አውራጃ አላቸው። አሁን ደግሞ እዚህ ሊገዛ አስቧል። ሽሮ ሜዳ ላይ ለሚስቱ ነጠላ ገዝቶ ሽቅብ ስንወጣ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል እስከ ወገባቸው ያጎነበሳቸው እናቶች ቁልቁል አለፉን። መኪናውን አስቆመና "እዚህ ጫካ ውስጥ አንድ ትንሽ ቤት ቢኖረኝ" አለ። ሾፌሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ጥያቄው ከሚመስለው በላይ ረጅም ታሪክ አለው።

በመጀመሪያ የክሩዝን ቤት እንይ። ክሩዝ በፈረንሳይ መካከል ያለ፣ ከብት የሚረባበት፣ ሕዝቡ እየሳሳ የሄደ አገር ነው። ወንዶቹ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በየዓመቱ ፓሪስ እየሄዱ በግንበኝነት ይሠሩ ነበር። ኋላ እዚያው ቀሩ፤ ቤቶቻቸው ግን ከድንጋይ ነበሩና ባለቤቶቻቸው ከሄዱም በኋላ ቆሙ። ፈረንሳይ ውስጥ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሁለተኛ ቤት አለ፤ ከአሥሩ ቤት አንዱ ማለት ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በባሕር ዳርቻና በበረዶ ተራሮች ላይ ለዕረፍት ብለው የተሠሩ ናቸው። የገጠሮቹ ግን በአብዛኛው የአያት ቤቶች ናቸው፤ ወይ ልጅ ይወርሳቸዋል፣ ወይ ለእንግሊዝና ለሆላንድ ሰው ይሸጣሉ። ሰው የለቀቀው ገጠር ለከተሜው ማረፊያ ሆነ።

ግዢው እንዴት እንደሚፈጸም ወዳጄ ሲነግረኝ አንድም ጊዜ ደላላ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። የሻጭ ወኪል አለ፤ ነገር ግን ውሉን የሚይዘው የመንግሥት ሹመት ያለው ሕግ አዋቂ ነው። መጀመሪያ የሽያጭ ስምምነት ይፈረማል፤ ገዢው ብዙውን ጊዜ ከዋጋው አሥር በመቶ ገደማ በዚሁ ሹም እጅ ያስቀምጣል። ከዚያ አሥር ቀን አለው፤ በነዚህ ቀናት ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ "ትቼዋለሁ" ቢል ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ሻጩ ግን ይህ መብት የለውም። ሻጩ ምስጥ መኖሩን፣ የቀለሙን እርሳስ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን፣ የፍሳሽ ጉድጓዱን ያስመረመረበትን ወረቀት ያቀርባል። መሬቱ የእርሻ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የመግዛት መብት ያለው ሌላ አካል አለ፤ ፈረንሳይ በ1952 ዓ.ም. ባወጣችው የግብርና ሕግ የተቋቋሙት ማኅበራት የእርሻ መሬት ለከተሜ መናፈሻ ብቻ እንዳይሆን ሽያጩን ያዩታል። ሁሉም ነገር ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል፤ አሮጌ ቤት ከሆነ ለግብርና ለውል ሰባትና ስምንት በመቶ ይጨመራል። የገዢው ዜግነት አይጠየቅም። ግን ቤት መግዛት የመኖሪያ ፈቃድ አያሰጥም፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሰው የገዛ ቤቱ ውስጥም ቢሆን ያለ ረጅም ጊዜ ቪዛ ከ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም።

"ባትመጣም ትከፍላለህ" አለኝ ወዳጄ። የቦታና ቤት ግብሩ በየዓመቱ ይመጣል። የነዋሪነት ግብር የሚባለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2023 ጀምሮ ለዋና መኖሪያ ቀርቷል፤ ለሁለተኛ ቤት ግን እንዳለ ነው። ከዚህም የሚብሰው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ቤቱ የሚስቱ አባት ንብረት ስለነበር ሦስት እኅትማማቾች በጋራ ይዘውታል፤ ጣሪያው ሲያፈስ ሦስቱም መመካከር አለባቸው። "ይህስ እንደ እኛው ነው" አልኩት።

እኛ ዘንድ ሕጉን የጻፈልንም ፈረንሳዊ ነው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ የፓሪስ የሕግ መምህር ነበሩ። እሳቸው ባረቀቁት ሕግ 390ኛ አንቀጽ መሠረት የውጭ አገር ሰው ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ኢትዮጵያ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሊኖረው አይችልም ነበር፤ በተከታዩ አንቀጽ ደግሞ ሳያውቅ ይዞ ከተገኘ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይታዘዝ ነበር። ፈረንሳዊ ምሁር ፈረንሳዊ እንጦጦ ላይ ቤት እንዳይገዛ አድርገው ጻፉ። (ለፈረንሳይ መንግሥት ይህ አላስቸገረውም፤ ምኒልክ የሰጡት ከ40 ሄክታር የበለጠ ደን ከእንጦጦ ሥር፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚባለው ሰፈር፣ ዛሬም የኤምባሲው ግቢ ነው። እውነተኛውን የፈረንሳይ የገጠር ርስት አዲስ አበባ ውስጥ ማየት የፈለገ በአጥሩ ያልፋል።)

ኢትዮጵያዊው ራሱስ? እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ አቅም ያለው ሰው ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቪላ መሥራት ይችል ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም እዚያ የማረፊያ ቤት ነበራቸው፤ ስሙን ፌርፊልድ አሉት። ስሙ የመጣው በስደታቸው ዘመን ከ1936 እስከ 1940 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከኖሩበት፣ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ከገዙት ቤት ነው። በውጭ አገር ቤት ስለገዛ ኢትዮጵያዊ ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሰው ይሄው ነው፤ ግዢው ግን ለዕረፍት አልነበረም። ቤቱን በ1958 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለከተማው አረጋውያን መገልገያ ሰጡት። ባዝም የፍል ውሃ ከተማ መሆኗን ልብ ይሏል።

ከዚያ የ1967 ዓ.ም. አዋጆች መጡ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ሆነ። ሁለተኛው ትርፍ ተባለ። ኪራዩ በወር ከመቶ ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተላለፈ፤ የኋለኞቹ ዛሬ በፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን እጅ ናቸው። በኪራይ የተጨነቀ ሕዝብ በአዋጁ ደስ ብሎት ሰልፍ ወጥቷል፤ የወጣበትም ምክንያት ነበረው፤ የአዲስ አበባ ቦታ በጥቂት ሰዎች እጅ ተከማችቶ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያደገ ትውልድ ሁለተኛ ቤት የሚባል ነገር ሲሰማ የሚታየው ዕረፍት አይደለም፤ ውርስ፣ ክስ ወይም ሥውር ስም ነው። ወዳጄ ሥራ ከያዘ በኋላ ስለ ክሩዝ ቤት ለእናቱ ሲነግራቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "የማነው? በማን ስም ነው?" የሚል ነበር።

ዕረፍት የሚፈልገው ሰው ግን አልጠፋም። የት እንደሄደ ለማየት ከቤተ መንግሥቱ ወደ ጠበሉ መውረድ ነው። እንጦጦ ማርያም አካባቢ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የጭቃ ቤቶች አሉ፤ ለጠበልተኛ የሚከራዩ። ሰው ከሐዋሳ፣ ከደሴ፣ ከጅማ ፍራሹን፣ ከሰል ምድጃውን፣ በሶውን ይዞ ይመጣል፤ ሁለት ሱባዔ፣ ሦስት ወር፣ አንዳንዱ ዓመት ይቀመጣል። ሌሊት ተነሥቶ ይጠመቃል፣ ቅዳሴ ያስቀድሳል፣ ቀን ፀሐይ ይሞቃል። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ብዙ ሰዎች ቤታቸው ሲገፋቸው ወደዚህ መጥተው በነዚህ ክፍሎች ኖረዋል፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብሮ መጠቀም ይቻላል ብለው ከተናገሩ በኋላ ብዙዎች መድኃኒት ጀምረው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል።

አንዲት እናት ደጃፍ ላይ ቆምን። አራት ክፍል ያከራያሉ።

"እንደምን ዋሉ፣ እማማ። ባዶ ክፍል አለዎት?"

"ለማን ነው ልጄ? የታመመ አለ?"

"የታመመ የለም። እሱ ለማረፍ ነው፤ ከፈረንሳይ ነው የመጣው።"

ወዳጄን ከላይ እስከ ታች አዩት። "ካልታመመ ለምን ይከራያል? ቤት የለውም?"

መልስ አላገኘንላቸውም። እዚህ ተራራ ላይ ከቤት ወጥቶ ሌላ ቤት ማደር ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ሥጋ ወይም ነፍስ ነው። ጣይቱ ወደ ፍል ውሃ የወረዱበት፣ ጠበልተኛውም ወደ እንጦጦ የሚወጣበት ምክንያት በመሠረቱ አንድ ነው። ሶደሬም፣ ወንዶ ገነትም ስማቸው የተጠራው በውሃቸው ነው። ለትዕይንት ብሎ ቤት መግዛት፣ ተራራ ለማየት ብቻ ገንዘብ ማውጣት ለእማማ እንግዳ ነገር ቢሆንባቸው አልፈርድባቸውም።

ወዳጄ ግን አልተወም። እንጦጦን ከእጁ ሲያወጣ ወደ ትውልድ መንደሩ፣ ወደ ሰሜን ሸዋ ዞረ። እዚያም ሕጉ ቆሞ ጠበቀው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ገበሬው ይዞታውን ያርሳል፣ ለልጁ ያወርሳል፣ በገደብም ያከራያል፤ አይሸጥም። በ1997 የወጣውም ሆነ በ2016 የተካው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን መሠረት አልነካም። ስለዚህ ከዋሽንግተን፣ ከሮም ወይም ከፓሪስ የሚመጣ ሰው መንደር ውስጥ ቆርቆሮው የሚያበራ፣ መስኮቱ የአሉሚኒየም የሆነ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ይወቅ፤ ቤቱ የእናቱ ነው፣ ይዞታውም የእናቱ ነው። እሱ የከፈለው ለሥጦታ ነው። በክሩዝ ሰው ሄዶ ቤቱ ቀረ፤ በእኛ ገጠር ሰውም መሬትም አብረው ስላሉ ለማረፊያ የሚተርፍ የለም። አንዳንዶች ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት ያደርጉታል። እኔ አልስማማም፤ መሬት ቢሸጥ ኖሮ ስንቱ ገበሬ በአንድ ክፉ ዓመት ማሳውን ለከተሜ አስረክቦ በራሱ ማሳ ዘበኛ ይሆን እንደነበር ማሰብ ነው። ይሁንና ሕጉ ያስከተለው ሌላ ነገር አለ፤ በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ዕረፍቱን መግዛት የሚችለው ገጠር ሳይሆን ከተማ ሆኗል። ከጫጫታ ለመሸሽ ወደ ጫጫታው ይገባል።

ከተማው ውስጥ መንገዱ ክፍት ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የተለየ መታወቂያ ሰጠ፤ ቢጫ ካርድ የምንለው። ያለው ሰው እንደ ዜጋ ቤት መግዛት ይችላል። መሬቱ ግን የሊዝ ነው፤ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ 99 ዓመት። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ከዚያ በላይ ሄዶ ለውጭ ዜጎችም የቤት ባለቤትነት ፈቀደ፤ በውጭ ምንዛሪ፣ ከ150 ሺህ ዶላር ላላነሰ ቤት። ከስድሳ ዓመት በላይ የኖረው የሬኔ ዳቪድ አጥር ተከፈተ። መሬቱ ዛሬም አይሸጥም።

ደላላው ያመጣለት ቤት ገርጂ ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሦስት መኝታ። እዚህ ላይ የፈረንሳይን አሥር ቀን የለመደ ሰው ይደነግጣል። ቀብድ ከሰጠህ በኋላ ሐሳብህን ብትለውጥ ቀብድህ ይቀራል፤ ሻጩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ይህም የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። በቡና ቤት የተጻፈ ውል፣ ሦስት ምስክር ቢፈርምበትም፣ የቤት ሽያጭን አያጸናም፤ ፍርድ ቤት ወይም የሰነዶች ማረጋገጫ ፊት መቅረብ አለበት። ባለትዳር ሻጭ የጋራ የሆነውን ቤት ያለ ትዳር ጓደኛው ስምምነት መሸጥ አይችልም፤ የቤተሰብ ሕጉ ይከለክላል። ከዚህ በፊት ካርታው እውነተኛ መሆኑ፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩ ይጣራል። ይህን ሁሉ በአካል ሆኖ የሚከታተለው ማነው? ወዳጄ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ነው ያለው። ስለዚህ ውክልና። ውክልናው ለወንድም፣ ለእኅት፣ ለአጎት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ የሕግ ሳይሆን የሥጋ ዝምድና ነው። በውክልና የተገዛ ቤት በወኪሉ ስም ሆኖ የተገኘበት ክርክር በየችሎቱ አለ፤ ምክንያቱ ሁልጊዜ ክፋት አይደለም፤ "አንተ አትኖርበት፣ እኔ ግን አምስት ዓመት አስጠበቅሁት" የሚል ሒሳብም አለ።

እንጦጦስ? እንጦጦ አሁን ፓርክ ነው። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀው ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ሄክታር የሰፋው ፓርክ የፈረስ ግልቢያ፣ የሥዕል ማሳያ፣ ምግብ ቤትና በደኑ ውስጥ የሚታደርባቸው ማረፊያዎች አሉት። ደኑ ራሱ የተተከለው ያው ከተማ ማገዶ ስለጨረሰ ነው። ምኒልክ አገር በቀሉ ዛፍ ሲያልቅ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት እስከማስጀመር ደርሰው ነበር፤ ባሕር ዛፍ ደረሰላቸውና የአዲስ ዓለሙ ቤት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛፉን በማምጣት ስሙ በብዛት የሚጠቀሰው ሞንዶን ቪዳዬ ደግሞ ፈረንሳዊ ነው። በነዚህ ዛፎች ሥር ዛሬ ሰው ማደሪያ ይከራያል፤ ማንም አይገዛም። በእኔ አስተያየት ለዚህ ተራራ የሚስማማው ይህ ነው፤ በግል ቪላ ቢታጠር ኖሮ የእንጨት ተሸካሚዎቹም መንገድ፣ የጠበልተኛውም መንገድ ይዘጋ ነበር። ዋጋው ግን ለሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሚቀመስ አይደለም፤ እሱም ልጆቹን ይዞ እሑድ በእግሩ ይወጣና ሣሩ ላይ ይቀመጣል።

ወዳጄ አንድ ሌሊት ከሚስቱ ጋር እዚያ አደረ። በማግሥቱ የገርጂውን ቤት ውል ራሱ ተፈራረመ። ታላቅ እኅቱ በምስክርነት ቆመው ነበር፤ ሲፈርም አንዳች አልተናገሩም፤ ከሰነዶች ማረጋገጫ ስንወጣ ግን ደረጃው ላይ አቆሙት።

"ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ ሊከርም ነው?"

"እትዬ፣ እኛ ክረምት ክረምት እንመጣለን።"

"ቤት ሰው ካልገባበት ይፈርሳል። እኔ ከነልጆቼ እገባለሁ፤ አትክልቱንም እጠብቅልሃለሁ።"

"አራተኛ ፎቅ ላይ ምን አትክልት አለ?"

"እተክላለኋ።"

ቁልፉን ሰጣቸው። ሦስቱን መኝታ ቤት እዚያው ደረጃው ላይ ለልጆቻቸው አከፋፈሉ፤ እሱና ሚስቱ በሚቀጥለው ክረምት ሲመጡ ሳሎን ፍራሽ እንደሚነጠፍላቸው፣ ፍራሹንም ከአሁኑ ገዝቶ እንዲሄድ ነገሩት።